የዛር ቤት ማኅበር፤ በጎንደርና በበጌምድር ደጋ ስለሚታየው የልብስ፥ የስምና የማዕርግ ለውጥ

በቀድሞው በጌምድር ደጋ፥ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ አካባቢ ገሳይን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው አገር፥ እንግዳ ሰው በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ? ደብርህስ የት ነው?» የሚል ነው። ሰው በዚህ አገር ብቻውን ሰው አይባልም። የአባቱ ስም፥ እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ የነበረው የርስት ድርሻው፥ የሚያስቀድስበትና የሚቀበርበት ደብር፥ ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር፥ ሰንበቴው፥ በእርሻ ጊዜ የሚረዳዳበት ወንፈልና ደቦ፥ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ማንነቱን ያስታውቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ገመዶች አንዱን ወይም ብዙዎቹን ያጡ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። ከዘመዶቿ ርቃ በባሏ ቀዬ የምትኖር ሴት፥ ልጅ ያልወለደች ሚስት፥ በሽታው የማይለቀው ሰው፥ ባርነት በ1942 በአዋጅ ከተሻረ በኋላም ስድቡ ያልተሻረለት የባሪያ ልጅ፥ በቡዳነት የሚታማ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ፥ እነዚህን የመሰሉ ሰዎች በማኅበሩ ጠርዝ ላይ ይኖራሉ። ለእነርሱ የሚሆን ማኅበር የትኛው ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዛር ቤት ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ መግለጽ ነው። ይኸውም መልስ በልብስ፥ በስምና በጨዋታ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በሌላ አገር በተነሣ አንድ ተመሳሳይ ሥርዐት፥ ይኸውም በአሜሪካ ከተሞች ድራግ ቦል በተባለው ጉባኤ፥ አስተያይተን እንመለከተዋለን። ዛር በእውነት አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለሃይማኖት ሊቃውንት እንተወዋለን፤ እኛ የምንመረምረው ሰዎቹ የሚያደርጉትን ነው።

ሀ) ስለ ዛር ምንነት

በሕዝቡ አፍ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊቈጥር በመጣ ጊዜ ስለ ፈራች ከሁሉ ያማሩትን 15ቱን ሸሸገቻቸው። ፈጣሪም ይህን ዐውቆ የተሰወሩት ለዘለዓለም እንደ ተሰወሩ ይቅሩ ብሎ ፈረደ። የተሰወሩት ዛሮች ሆኑ፤ የታዩት እኛ ነን። ይህ ታሪክ በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰውን የሚይዘው መንፈስ ጠላት ነው፤ ስለዚህ በጸሎትና በጠበል ይወጣል። በዛር ቤት አነጋገር ግን ዛር የሰው ልጅ የተሰወረ ወንድም ወይም እኅት ነው፤ ወንድም ደግሞ አይባረርም፥ ይታረቁታል እንጂ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በማስወጣትና በማስታረቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለ ቃሉና ስለ ሥርዐቱ መነሻ ሊቃውንት አልተስማሙም። ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ስሙ የአገው የሰማይ አምላክ ከነበረው ከ«ጃር» የመጣ ነው ብሏል፤ ሌሎች ደግሞ ሌላ ምንጭ ፈልገዋል። የተረጋገጠው ነገር ሥርዐቱ ከኢትዮጵያ ውጭ በሱዳንና በግብፅ የታወቀ መሆኑ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የፈለሱት ቤተ እስራኤልም ይህንኑ ሥርዐት ይዘው ስለ ሄዱ፥ የዚያ አገር ሐኪሞች በየሆስፒታሉ «ዛር አለብኝ» የሚል በሽተኛ ገጥሟቸዋል።

ዛሮች እንደ ሰው ወንድና ሴት፥ ጌታና ሎሌ፥ ክርስቲያንና እስላም ናቸው። ሰይፉ ጨንገርና ራሄሎ በጎንደር ስማቸው የገነነ ነው። ከታላላቆቹ ሥር አሽከሮችና ገረዶች አሉ። በአጭሩ ለመናገር፥ የዛሮች አገር የቀድሞውን የኢትዮጵያ መንግሥት ሥርዐት ይመስላል፤ መኳንንቱ፥ ወታደሩ፥ መነኵሴው፥ ባሪያው ሳይቀር በየማዕርጉ ተሰልፎ ይገኝበታል።

ለ) ስለ በሽተኛው አቀባበል

ሕመም ጠንቶበት መድኀኒት ያጣ ሰው ወደ ባለ ዛር ይመጣል። ጉባኤው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ቡና ይፈላል፥ ዕጣን ይጤሳል፥ ከበሮ ይመታል፥ ይጨበጨባል፥ ዛሩ የሚወደው ዘፈን ይዘፈናል። በሽተኛው ዘፈኑ ሲነካው ጉሪ ይጀምራል፤ ጉሪ ማለት ራስንና ደረትን እያወዛወዙና እያሽከረከሩ የሚደረግ የዛር እንቅስቃሴ ነው። ከዚህ በኋላ ባለ ዛሩ መንፈሱን ያስለፈልፈዋል፤ ስሙን፥ ወገኑን፥ የመጣበትን ምክንያትና የሚፈልገውን እጅ መንሻ ይጠይቀዋል። ዛሩም ጨሌ፥ ሽቶ፥ ልብስ፥ መልኩ የተለየ ዶሮ ወይም በግ ይጠይቃል።

እጅ መንሻው ከተሰጠ በኋላ የበሽታው ምክንያት የነበረው ዛር ጠባቂ ውቃቢ ይሆናል። ሰውየው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ሲመጣበት ይጋልበዋልና። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የታረቀ ሰው በየጊዜው ግብሩን እየከፈለ፥ በጉባኤው እየተገኘና አዲስ ለሚመጡት በሽተኞች እያጨበጨበ ዕድሜውን ሙሉ የቤቱ አባል ይሆናል። ስለዚህ የዛር ቤት ሐኪም ቤት ብቻ አይደለም፤ ገብተው የማይወጡበት ማኅበር ነው።

ሐ) ስለ ልብስና ስለ ስም

በአማራ አገር ልብስ እንደ አንደበት ይናገራል። አሜሪካዊው ስምዖን ሜሲንግ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ሸማ በአለባበሱ ብቻ ምን ያህል ነገር እንደሚገልጽ አሳይቷል። ሰው በጌታ ፊት ሲቆም ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያጣፋል፤ ኀዘን ሲደርስበት ጥለቱን ወደ ላይ ያደርጋል፤ ሲኰራ ጫፉን በትከሻው ላይ ይጥላል። እንግዲህ ልብሱ ማዕርጉን የሚናገርበት ሰው፥ አለባበሱን በለወጠ ጊዜ ንግግሩን ለወጠ ማለት ነው።

በዛር ጉባኤ ይህ ለውጥ ጐልቶ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ሴት የወንድ ዛር ፈረስ ትሆናለች፤ ወንድም የሴት ዛር የሚይዘው አለ። የጦር አለቃ የሆነ ዛር የመጣባት ሴት ሸማዋን እንደ ወንድ ትለብሳለች፥ ጎፈር ትደፋለች፥ አለንጋ ወይም ዘንግ ትይዛለች፥ ድምጿን አወፍራ ትፎክራለች። ፉከራ በአገሩ ልማድ የጀግና ወንድ ድርሻ መሆኑን ልብ ይሏል። በቤቷ በባሏ ፊት ዝቅ ብላ የምትናገረው ሴት በዚያች ሌሊት ግዳይ እንደ ጣለ ሰው ትቆጥራለች፤ የሚሰማትም «አንቺ ዝም በይ» አይላትም።

የአማርኛ ቋንቋ ጠባይም ነገሩን ያጠነክረዋል። በአማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»፥ «መጣ» እና «መጣች» ተለይተው ስለሚነገሩ፥ ሰውን ወንድ ወይም ሴት ሳይሉ በቅርብ ማነጋገር አይቻልም። «አባ እገሌ» የተባለ ዛር የመጣባት ሴት ስሟ ከተለወጠ አነጋገሩም ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ በእያንዳንዱ ግሥ ወንድነቷ ይመሰከርላታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ባለ ዛሮች የራሳቸው የተሰወረ ቋንቋ አላቸው። ቮልፍ ሌስላው በ1949 ይህን ቋንቋ መርምሮ አሳትሟል፤ በ1952 ደግሞ የአዝማሪዎችን ምሥጢራዊ ቋንቋ አውጥቷል። ሁለቱም ወገኖች ከሌላው ሰው የሚለዩበት ንግግር ማበጀታቸው ማኅበርተኝነታቸውን ያሳያል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለበት። ወንድ ዛር የያዛት ሴት ጉባኤው ሲያበቃ ወደ ሴትነቷ፥ ወደ ባሏና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለውጡ የሰዓቱ ነው፤ ስለ ፍቅሯ ወይም ስለ ዘወትር አኗኗሯ የሚናገረው ነገር የለም።

መ) ስለ መልካም አያሁ ቤት

ስለ ጎንደር የዛር ቤት በስፋት የተጻፈው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር በተቀመጠበት ጊዜ ነው። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ የመልካም አያሁን ቤት ለወራት ተመላልሶ አይቷል። መልካም አያሁ በዘመኗ የታወቀች ባለ ዛር ነበረች፤ ልጇ እማዋይሽም በዚሁ ጥናት ውስጥ በብዙ ቦታ ትነሣለች።

መልካም አያሁ ብዙ ዛሮች ነበሯት፤ ከእነርሱም አባ ዮሴፍ፥ አባ ቋስቋና ጫንቂት ይገኛሉ። እንግዳ ስትቀበልና ስትመርቅ አባ ዮሴፍ፥ የወታደር ቍጣ በሚያስፈልግበት ጊዜ አባ ቋስቋ፥ ለቀልድና ለጨዋታ የገረዷ ዛር ጫንቂት ይመጡባት ነበር። ሌሪስ ይህን ከተመለከተ በኋላ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ዛርን ከቴአትር ጋር አስተያየ። እንደ እርሱ አስተያየት ዛሮቹ ለባለቤታቸው እንደ ልብስ ሣጥን ናቸው፤ ለጊዜው የሚስማማው ጠባይ ከዚያ ወጥቶ ይለበሳል። ሰውየው ግን እንደ ተዋናይ ዐውቆ የሚያታልል አይደለም፤ ፈጽሞ ራሱን የሳተም አይደለም፤ የሚጫወተውን የሚኖር ነው።

ይህ አስተያየት ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል። «ያታልላሉ» በሚሉና «እብዶች ናቸው» በሚሉ መካከል ሦስተኛ መንገድ ከፍቷልና። ነገር ግን ቡድኑ ራሱ ለመሥዋዕት የሚሆን ከብት እየገዛ ያቀርብ ስለ ነበር፥ በጉባኤው ከታየው ነገር የትኛው ለዛሮቹ፥ የትኛው ለእንግዶቹ እንደ ተደረገ መለየት ያስቸግራል። ተመልካች ገንዘብ ሲሰጥ የሚመለከተው ነገር እንደሚለወጥ ይህ ምሳሌ ነው።

ሠ) ስለ ማኅበርተኝነቱ

ሜሲንግ ከሌሪስ ወደ 20 ዓመት ዘግይቶ ጎንደር ነበር። በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛር ቤትን በኅብረት እንደሚደረግ ሕክምና ቈጠረው። በተለይ ያገቡ ሴቶች፥ የቀድሞ ባሮችና ዝቅተኛ የተባሉ ሰዎች በዚያ እንደሚሰበሰቡ፥ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ጉባኤ እንደሚቀመጡ አሳየ። በውጭ እኩል ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎች በዛር ቤት አብረው ቡና ይጠጣሉ፤ በዚያ ያለው ማዕርግ የሰውየው ሳይሆን የዛሩ ነውና። በቀን ባሪያ የተባለች ሴት ታላቅ ዛር ካላት በሌሊት እጅ ይነሣታል።

በ1966 ዮዋን ሉዊስ ይህን የመሰለ ሥርዐት ሁሉ የተበደሉ ሰዎች መሣሪያ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ባል ለሚስቱ የከለከለውን ቀሚስ ለዛሯ ሊከለክል አይደፍርም፤ ዛሩን የሚከለክል ሰው ሚስቱን ይገድላታል ተብሎ ይታማልና። በዚያው ዘመን በበጌምድር የተመራመረው አለን ያንግ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ አማሮች በቁራኛ የሚያዙት ለምን እንደ ሆነ ጠየቀ። በ1989 ደግሞ ጃኒስ ቦዲ በሰሜን ሱዳን ያየችውን ስትጽፍ፥ ዛር ዕቃ ማግኛ ብልሃት ብቻ ሳይሆን ሴት ራሷን ከራሷ ውጭ ቆማ የምታይበት መስተዋት ነው አለች።

ሁሉም የእውነት ድርሻ ያላቸው ይመስላል። ሆኖም በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚቀድመው ዝምድናው ነው። ቀሚስ አንድ ጊዜ ይሰጣል፥ ያልቃልም። ሌሊቱን ሙሉ ስምህን ዐውቆ የሚያጨበጭብልህ ሰው ግን በየጉባኤው ይገኛል። ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፥ ሲጨነቅ ነገሩን የሚሰማው ሰው ማግኘቱ፥ ከዕጣኑና ከዶሮው ይበልጥ የሚያሽር ነገር ሊሆን ይችላል።

ረ) ስለ አሜሪካ «ቤቶች»

ድራግ ቦል የሚባለው በዋነኛነት ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው፥ ሴቶችም የወንድ ለብሰው በዳኞች ፊት የሚወዳደሩበት የሌሊት ጉባኤ ነው። በኒውዮርክ ሀርለም በሀሚልተን ሎጅ ስም የሚደረገው የጭምብል ጭፈራ የተጀመረው በ1869 ነው። በዋሽንግተን ደግሞ በባርነት የተወለደው ዊሊያም ዶርሲ ስዋን እንዲህ ያለ ጉባኤ እየሰበሰበ በ1888 በፖሊስ ተይዟል፤ በ1896 ዐሥር ወር እስራት ተፈርዶበት ለፕሬዚዳንቱ የምሕረት ማመልከቻ ቢያቀርብ ተከልክሏል።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በነዚህ ውድድሮች የጥቁሮች ውበት በነጮች ዳኞች ዘንድ ይናቅ ስለ ነበር፥ ክሪስታል ላቤዣ በ1967 በአንድ ውድድር ላይ በግልጽ ተቃወመች፤ በ1972 ገደማም ከሎቲ ጋር ሆና የላቤዣን ቤት መሠረተች። ከዚህ በኋላ ሌሎች ቤቶች ተከታተሉ። ጄኒ ሊቪንግስተን በ1990 ያወጣችው «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» የተባለው ፊልም ይህን ኑሮ ለዓለም አሳወቀ።

በነዚህ ጉባኤዎች የሚበዙት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች፥ ይኸውም ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶችና ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ከወላጆቻቸው ቤት ተባርረዋል። ስለዚህ «ቤት» የተባለው ነገር ለጨዋታ ብቻ የተሰጠ ስም አይደለም። ቤቱ እናትና አባት አለው፤ ልጆቹ የቤቱን ስም እንደ አባት ስም ይይዛሉ፤ እናቲቱ ትመክራለች፥ ታለብሳለች፥ ማደሪያ ያጣውን ታሳድራለች። በ1980ዎቹ የኤድስ በሽታ በተነሣ ጊዜ ዘመድ የሸሸውን በሽተኛ ያስታመሙት የቤቱ ልጆች ነበሩ።

የውድድሩ ዐይነት ብዙ ነው። አንዱ የኩባንያ ሹም፥ አንዱ ወታደር፥ አንዱ ተማሪ፥ አንዷ ባለጠጋ እመቤት መስላ ትቀርባለች፤ የሚመሰገነው ከእውነተኛው የማይለየው ነው። ሥራ ያልተሰጠው ሰው የሹሙን ልብስ ለብሶ፥ ልዩነቱ ልብስ ብቻ እንደ ነበረ ያሳያል።

ሰ) አንድነትና ልዩነት

ሁለቱን ሥርዐቶች ስናስተያይ አንዱ ከሌላው ተወረሰ ማለታችን አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ግን ቦታ ያጡ ሰዎች በሌሊት ይሰበሰባሉ፤ እናት ወይም አለቃ አላቸው፤ አዲስ ስም ይቀበላሉ፤ በቀን የተከለከሉትን ማዕርግ በልብስ ያገኛሉ፤ ማዕርጉም በሌሎች ፊት ካልታየ አይጸናም። የዛር ቤት የጦር አለቃ፥ መነኵሴና እመቤት ሲያወጣ፥ የሀርለም ጉባኤ ሹም፥ ወታደርና ባለጠጋ ያወጣል። እያንዳንዱ ጉባኤ የሚጫወተው የራሱን አገር ሥልጣን ነው፤ ስለዚህ ጨዋታውን ያየ ሰው ያ አገር ለማን ምን እንደ ከለከለ ማንበብ ይችላል።

ልዩነቱም ታላቅ ነው። በቦል የሚወዳደር ሰው «እኔ ነኝ፥ እዩኝ» ይላል፤ ክብሩም ነውሩም የእርሱ ነው። ባለ ዛር ግን «እኔ አይደለሁም፥ ጌታዬ ነው» ይላል። የበጌምድር ገበሬ ሚስት በሰው ፊት ስለ መፎከሯ አትወቀስም፤ የፎከረው ሌላ ነውና። ይህ መሸሸጊያ ይጠብቃታል፤ ነገር ግን ያሰራታል። የተናገረችው ነገር ነገ የእርሷ ነገር ሆኖ አይቈጠርላትም። በአንደኛው ሰው ራሱን በመግለጥ ይከብራል፤ በሁለተኛው ራሱን በመሰወር ይናገራል።

ዋጋውም እንዲሁ መታየት አለበት። የዛር ዕዳ የማያልቅ ስለ ሆነ ለግብሩ ሲባል ከብት የሸጠ ቤተ ሰብ ይቸገራል፤ ባለ ዛሩም የበሽተኞቹን ምሥጢር ስለሚይዝ በላያቸው ሥልጣን አለው። የቦል ክብርም ከአዳራሹ በር ውጭ አይከተልም። በፊልሙ ላይ የታየችው ቬነስ ኤክስትራቫጋንዛ ፊልሙ ሳይወጣ በ1988 ተገድላ ተገኝታለች፤ ገዳይዋም አልታወቀም። እንግዲህ ሁለቱም ጉባኤዎች መጠጊያ ናቸው እንጂ የሰውን ቦታ በቀን ብርሃን አልለወጡም።

ዛሬ በጎንደርም በደብረ ታቦርም ካህናትና ሰባክያን ዛርን ይነቅፋሉ፤ ጠበልም ሕክምናም ብዙዎችን ወደ ራሱ ስቧል። ይህን መንቀፍ የሃይማኖት መምህራን ሥራ ነው። ለባሕል ተመራማሪ ግን ሌላ ሥራ ይቀርለታል። ስለ ጎንደር ዛር በስፋት የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተሰበሰቡት ዕቃዎችም የሚገኙት በፓሪስ ነው። ዘፈኑን፥ ፉከራውን፥ የዛሮቹን ስምና የትውልድ ሐረግ፥ የአለባበሱን ዐይነት በአማርኛ መዝግቦ ማስቀመጥ ለአገሩ ተማሪዎች ይገባቸዋል። በሚመዘግቡበትም ጊዜ «ይህች ሴት ማን ያዛት?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከዚህ በፊት ማን ይዟት ነበር፥ ማንስ ትቷት ነበር?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ቢጨምሩ፥ የሚያገኙት መልስ ስለ ዛር ብቻ ሳይሆን ስለ ማኅበራችን ጠባይ ይሆናል። መጠጊያ የሚያስፈልጋት ሴት መጠጊያዋን ከመንቀፍ በፊት ያባረራትን ነገር መመርመር ይገባልና።